ገለልተኛዋ ጎሽ

የአባቴ ታላቅ ወንድም ራምሱመር በሽተኛ ሰው አልነበረም፤ ግን ያስል ነበር። ወደ ግቢያችን ከመግባቱ በፊት ከበሩ ውጭ ቆሞ ሦስት ጊዜ ያስላል፤ ሁለቱ አጫጭር፣ ሦስተኛው ረጅም። እናቴ ይህን ስትሰማ ምድጃው ላይ ያለው ወጥ ቢያር እንኳ የሳሪዋን ጫፍ እስከ አገጯ ጎትታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ከዚያ እሱ ይገባል። እንደገባ ሳሉ ይለቀዋል።

እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ ከዚህ ሁለት ነገር ደመደምኩ። አንደኛ፣ ትልቁ አባባ የምለው አጎቴ በእኛ በር ላይ ብቻ የሚነሳበት ክፉ የደረት በሽታ አለበት። ሁለተኛ፣ በሽታው ተላላፊ ስለሆነ እናቴ አፍና አፍንጫዋን ትሸፍናለች። በየማክሰኞው ቤተ መቅደስ ስንሄድ ለደረቱ እጸልይለት ነበር። ያ ጸሎት ዛሬም ይቆጨኛል።

በእኛ መንደር ሴት ለባሏ ታላቅ ወንድም ፊቷን አታሳይም፤ አታናግረውም፤ እሱም አያናግራትም። ሳሉ መድረሱን ማስታወቂያ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረው፣ ከአንድ ድስት በልተው፣ ገበያ ላይ ፊቷን ገልጣ ቢያገኛት ማን እንደሆነች አያውቅም ነበር። አሁን ከተማ ተቀምጠው ድሮ ቤተሰብ ሁሉ በአንድ ምድጃ ዙሪያ በፍቅር ይኖር ነበር እያሉ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። አንዳቸውም በዚያ ምድጃ ዙሪያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አልኖሩም።

የአጎቴ ሚስት እኔ ሳልወለድ ሞታለች፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ከተማ ገብተው ቀርተዋል። አባቴ ካልካታ የከረጢት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ስለነበር የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ በእናቴና በአጎቴ መካከል ቃል የሚያመላልስ ሰው ያስፈልግ ነበር። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። እሱ ከውጭ በረንዳ ላይ በገመድ አልጋው፣ እሷ ጓዳ፣ እኔ መካከል ላይ በሩጫ።

ሥራውን እወደው ነበር። የማልወደው መልእክቶቹን ነው፤ ደካሞች ነበሩ። አጎቴ ምስሩን ጨው ትንሽ አንሶታል ብሎ ይልከኛል። እኔ ለእናቴ፣ የቦይ ውሃ ነው የምታበይኝ ይላል፣ እላታለሁ። እናቴ ጨው ስላለቀ ከገበያ ሲመለሱ ይዘው ይምጡ ብላ ትልከኛለች። እኔ ለአጎቴ፣ እጅ የለዎትም ወይ ትላለች፣ እለዋለሁ። ውሸት አልመሰለኝም። የተባለውን ሳይሆን መባል የነበረበትን ነበር የማደርሰው። እውነቱን ለመናገር፣ እንጀራዬም ሆኖ የቀረው ይኸው ሥራ ነው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አጎቴ ከቤታችን መብላት አቆመ፤ እናቴ ጓዳ ውስጥ ታለቅስ ጀመር። አባቴ ለበዓል ሲመጣ ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቆ ደረሰብኝ። ጆሮዬን ይዞ ሳቀ። ሳቁ አላቋርጥ ስላለው ጆሮዬንም አልለቀቀም። በመጨረሻ ዓይኑን እየጠረገ ግቢው መካከል ካስማ ላይ የታሰረችውን፣ በእኛ አገር እንደ ላም የምትታለበዋን ጎሻችንን ካጅሪን አሳያቸው።

«ከእንግዲህ የምትፈልጉትን ለካጅሪ ንገሯት» አለ። «እሷ አትጨምርም።»

ቀልድ ነበር። አባቴ ከቀለዳቸው ቀልዶች ሕግ የሆነው ግን ይህ ብቻ ነው። አጎቴ ሦስቴ አስሎ ይገባና ከካጅሪ በስተቀኝ ይቆማል። እናቴ ተሸፍና ከበስተግራ ትቆማለች። ሁለቱም ወደ ጎሿ ያያሉ።

«ካጅሪ፣ ነገ ሸንኮራው ስለሚጨመቅ አምስት ሰው ይመገባል በያት።»

«ካጅሪ፣ እንጨት ከየት ይመጣል በያቸው።»

«ካጅሪ፣ እንጨቱን አስቤበታለሁ በያት።»

ካጅሪ ታመሰኳለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ በቅናት እቃጠላለሁ። እኔ የተባረርኩት በማጉደል ሳይሆን በመጨመር ነው፤ በእኔ ቦታ የተሾመችው ደግሞ አንድም መልእክት አድርሳ አታውቅም። ያም ሆኖ ሁሉም ነገር ይፈጸማል። እንጨቱ ይመጣል፤ አምስቱ ሰው ይበላል። ስለዚህ የቤቱ አዛዥ ካጅሪ መሆኗን አመንኩ። አዲስ ቀሚስ ሲያምረኝ ለእናቴ አልተናገርኩም፤ ለካጅሪ በጆሮዋ ነገርኳት፤ ጥቁር ስኳርም በመዳፌ አላስኳት። ቀሚሱ አልመጣም። አጎቴ ከእኔ የበለጠ ነገር አልሷት ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ።

እዚህ ላይ ስለ አጎቴ አንድ ነገር ካልተናገርኩ የቀረው አይገባም። አጎቴ በጉብዝናው ዘመን፣ በእባብ በዓል ቀን በሚደረገው ትግል፣ ጉልዛር የሚባል እንደ በር የሰፋ ሰው ጥሏል። ሽልማቱ ብርቱካናማ ጥምጥም ነበር፤ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ብል እንዳይበላው በኒም ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በየዓመቱ በዓሉ ሲደርስ ጥምጥሙ ይወጣል፤ ገለባ የሞላ ጆንያ ግቢው መካከል ይቆምና ጉልዛር ይሆናል። አጎቴ ጆንያውን በወገቡ ያቅፈዋል፤ በግራ እግሩ ይጠልፈዋል፤ ይጥለዋል። «ወገቡ ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ» ይላል ሁልጊዜ። ሚስቱ ስትሞት አላለቀሰም ይባላል። ጥምጥሙን ብል የበላው ዓመት ግን አልቅሷል፤ እኔው በዓይኔ አይቻለሁ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ከካልካታ ደብዳቤ መጣ። አባቴ በትኩሳት ሞቷል፤ እንደ ልማዳችን አስከሬኑን እዚያው አቃጥለውታል። መበለት ጌጥ አታደርግምና ጎረቤት ሴቶች መጥተው የእናቴን የእጅ አምባሮች በድንጋይ ሰበሩ። ሁሉም ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራ ስለነበር፣ አባቴ አንድ ቦታ ተኝቶ እንዳይነቃ የሚጠነቀቁለት መሰለኝ።

አሥራ ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ አጎቴ አስሎ ገባ። እጁ ላይ ወረቀት ነበር። ለካጅሪ ዘረጋላት።

«ካጅሪ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሴት ብቻዋን ማሳ አታርስም። የቦዩ ዳር መሬት በእኔ ስም ቢዞር ለሷም እረፍት ነው። ወንድሟ ዘንድ ትሂድ። እዚህ ታች አውራ ጣት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።»

እናቴ ከመሸፈኛዋ ሥር ስትተነፍስ ጨርቁ ገባ ወጣ ይል ነበር።

«ካጅሪ፣ ወንድሜ ቤት አራት ልጆች በአንድ አልጋ ነው የሚተኙት። ሚስቱም ቦታ የለንም ብላ አስቀድማ ልካብኛለች። ያ መሬት የልጄ የሱርሳቲ አባት ድርሻ ነው። ከዚያ ሌላ የምንበላው የለንም በያቸው።»

«አስቢበት በያት፣ ካጅሪ።»

እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው፤ በቤታችን ሁሉ ነገር የሚፈጸመው በካጅሪ ስለሆነ፣ የሚፈለገው ምልክት የካጅሪ ሰኮና ነው። ካጅሪ ካተመች ወደ እናቴ ወንድም ቤት ሄጄ ከአራት ልጆች ጋር በአንድ አልጋ እተኛለሁ። በማግስቱ ማለዳ የአባቴን አሮጌ ሽርጥ አራት ቦታ ቀድጄ የካጅሪን አራት ሰኮናዎች ጠቀለልኩና በገመድ አጠበቅኩ። አጎቴ አስሎ ሲገባ ጎሿ ነጭ የእግር ሹራብ እንዳደረገች ቆማ ጠበቀችው። ወረቀቱን እንደያዘ ለብዙ ጊዜ አያት።

«ካጅሪ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

እናቴ ከመሸፈኛዋ ሥር ሳቀች። ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ ሰኮና ስጠቀልል አጎቴ መሬቱን አርሶት እንደነበረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የድንበሩን ድንጋይ ሁለቴ አዛውሮታል። እናቴ አውራ ጣቷን ብታትምም ባታትምም በመከሩ ጊዜ መሬት የሚባል ነገር ሊኖራት አልነበረም። እሷ ታውቅ ነበር። የውሃ እንስራዋን ይዛ በቦዩ ዳር ስታልፍ በየቀኑ በእርምጃ ትለካው ነበር። ስለዚህ ማንም ያልጠበቀውን አደረገች፤ በጎረቤት ሴት በኩል የመንደሩን ነገር የሚዳኙትን አምስቱን ሽማግሌዎች ጠራች።

ሽማግሌዎቹ በውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ካለው ትልቅ ሾላ ሥር አልጋ አስወጥተው ከማለዳው ተቀመጡ። ሰብሳቢያቸው ታኩር ጃግሮፕ ዓይኑን ገልጦ መተኛት የሚችል ሰው ነበር። አጎቴ ጥርት ያለ ነጭ ለብሶ፣ ትንባሆውን በመዳፉ እያሸ፣ ሟች ወንድሙን እንዴት በጀርባው አዝሎ እንዳሳደገው ተናገረ። ጥሩ ተናገረ። እኔ ራሴ እንባዬ መጣ።

የእናቴ ተራ ሲደርስ ችግር ተፈጠረ። አጎቴ ባለበት ድምፅ ማሰማት አትችልም። አጎቴ ዞር ይበል እንዳይባል ደግሞ ተከሳሹ የማይሰማው ክስ ክስ አይሆንም። አንዱ ሽማግሌ ልጅቷ ታድርስ አለ።

«ይቺ?» አለ አጎቴ። «ይቺ ናት እኔን እጅ የለዎትም ወይ ያለችኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሳቁ፤ ወሬው መንደሩን አዳርሶ ኖሯል። በዘጠኝ ዓመቴ፣ በሕዝብ ፊት፣ በሙያዬ ተሰደብኩ። እናቴ ለጎረቤታችን በጆሮዋ አንሾካሾከች፤ ሴትዮዋም እቤታቸው የለመዱት ከጎሽ ጋር ነው ብላ ለሽማግሌዎቹ አስረዳች። ካጅሪ ተጎትታ መጣች። አጎቴ ተቃወመ።

«ይቺ ጎሽ የጉዳዩ ወገን ናት» አለ።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ነቁ። ጃግሮፕ እንኳ ከምር ነቃ።

«ማን ነው የሚያልባት?»

«እሷ ናት» አለ አጎቴ።

«እንግዲያው ወደ ሴትዮዋ ታደላለች። ጥጃ ሳለች ያሳደጋት ማነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ወዳንተ ታደላለች።»

ጠዋቱ በዚህ አለቀ። የድንበር ድንጋይ ተነስቶ ከቦታው ተዛውሯል፤ ባል የሞተባትና ልጅ ያላት ሴት ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፤ አምስት የተከበሩ ሰዎች የጎሽ አድልዎ ያጣራሉ። በመጨረሻ ከሁለቱም ወገን ጋር የማትገናኝ ጎሽ ትምጣ ተባለ። ከቦዩ ማዶ ካለው መንደር ባድሉ የሚባል ከብት አርቢ አንድ ቀንዷ የተሰበረ ጎሽ እየሳበ መጣ። ፊቱ አልተፈታም።

«እኔ እምቢ አላልኩም» አለ። «ግን ነፍሰ ጡር ናት። ክፉ ነገር እንዳታሰሟት።»

ጃግሮፕ ጉባኤው ቋንቋውን እንደሚጠብቅ ቃል ሰጠ።

እናቴ ተነስታ ከጎሿ በስተግራ ቆመች። ድምፅዋ ዝቅተኛ ነበር፤ ግን ሾላው ላይ ያሉት ወፎች እንኳ ዝም ስላሉ ሁሉም ሰው ሰማው።

«እህቴ» አለች ለጎሿ፣ «ነፍሰ ጡር ነሽ አሉ፤ አስቸገርኩሽ። አጭር ነው የምናገረው።»

የድንበሩ ድንጋይ የት እንደነበረና አሁን የት እንዳለ ነገረቻት። በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ጥንድ በሬ እንደታረሰ ነገረቻት። ባሏ ከደመወዙ እየላከ ያስቆፈረውን መስኖ ነገረቻት። አራተኛው ሽማግሌ አዛጋ። ሦስተኛው በጥርሱ መካከል የገባ ነገር በጭራሮ ይፈልግ ነበር። አጎቴ ትንባሆውን ከከንፈሩ ሥር አስቀምጦ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚሰማ ሰው፣ ቅጠሎቹን ያያል። የመሬት ሌባ እየተባለ ነው፤ በሕዝብ ፊት፤ በቀንና በቁጥር። ከፊቱ ላይ አንድ ሽፋሽፍት አልተንቀሳቀሰም።

እናቴ ለመቀመጥ ጎንበስ ካለች በኋላ መልሳ ቀና አለች።

«አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም። ባለቤቴ አንድ ቀን እየሳቀ አጫውቶኛል። በእባቡ በዓል ትግል ላይ ጉልዛር የወደቀው ተጥሎ አይደለም አለኝ። የባለቤቴ አባት ዋዜማውን ሁለት ቅርጫት ጥቁር ስኳር ልከውለት ነው። ይህን መንደሩ ሁሉ ባያውቅም፣ ከቤታችን የማያውቁት ጋሼ ብቻ ናቸው።»

አጎቴ እንዴት እንደተነሳ አላየሁም። ከአልጋው ላይ ነበር፤ ከዚያ እናቴ ፊት ነበር፤ ጣቱ ከመሸፈኛዋ አንድ ስንዝር ላይ ቆሟል።

«ውሸታም» አለ። «በዚህ በክንዴ ነው የጣልኩት። ወገቡ ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ። አንቺ ያኔ የት ነበርሽ? የት ነበርሽ አንቺ?»

አራተኛው ሽማግሌ አፉን ለማዛጋት እንደከፈተ ቀረ። ጭራሮው ከሦስተኛው እጅ ወደቀ። ጃግሮፕ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ራምሱመር፣ አሁን ማንን ነው ያናገርከው?»

አጎቴ ጣቱን አየው። «ጎሿን» አለ።

«ጎሿ በስተግራህ ናት።»

ልክ በዚያች ቅጽበት የባድሉ ጎሽ ጅራቷን አንስታ በአጎቴ ነጭ ልብስ ጫፍና በጫማው ላይ እበቷን ጣለች። ሽማግሌዎቹ ለምክክር እንኳ አልተነሱም። በታናሽ ወንድሙ ሚስት ላይ፣ ያውም በሐዘኗ ዓመት፣ ፊት ለፊት አፉን የከፈተ ሰው መሬቷን ይጠብቃል ተብሎ አይታመንም አሉ። ድንጋዩ ወደ ቦታው ይመለስ፤ የቦዩ ዳር መሬት የመበለቲቱና የልጅቷ ነው፤ ወረቀቱ ይቀደድ።

እኔ ፍርዱን የሰጠችው ጎሿ እንደሆነች አመንኩ። ምን ላምን ነበር? ሰውየው ተናገረ፣ እሷ እበቷን ጣለችበት፣ ሽማግሌዎቹ አወጁት። ለሦስት ዓመት ያህል፣ በየመከሩ፣ ቦዩን ተሻግሬ ለባድሉ ጎሽ ጥቁር ስኳር እወስድላት ነበር። ባድሉ ለምን እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም። ራሱም ሳያምን አልቀረም።

አሁን ግን ሳስበው ደሜ ይፈላል። እነዚያ ሰዎች ስርቆቱን ሰምተው አዛጉ። ድንጋዩ ሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ ነበር፤ ሄደው አላዩትም። ያስነሳቸው አንድ ወንድ አንዲትን ሴት ሊያያት በማይገባው አቅጣጫ ማየቱ ነው። እናቴ ያሸነፈችው እሷን በጨርቅ በሸፈነው በዚያው ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ጽፌያለሁ፤ ጽፌም እሞታለሁ፤ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ደግሞ ሕጉ ባስመለሰው መሬት ስንዴ ነው። ይህን ሊያስታርቅልኝ የሚሞክር ሰው አጠገቤ አይድረስ።

አስበሽበት ነው ወይ ብዬ እናቴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነው። «እኔ የተናገርኩት ለጎሽ ነው።»

ከዚያም፣ የሚያናድደኝ ይህ ነው፣ ምንም አልተለወጠም። አጎቴ በማግስቱ ጠዋት ከበሩ ውጭ ሦስቴ አሳለ። እናቴ ተሸፈነች። ምስር አቀረበችለት። በካጅሪ በኩል፣ ከዚያ በካጅሪ ልጅ፣ ከዚያ በልጅ ልጇ በኩል ስለ እንጨትና ስለ ጨው ተነጋገሩ። ጥምጥሙ ግን ከሣጥን ወጥቶ አያውቅም። በእባብ በዓል ቀን ጆንያ አልቆመም።

ከአርባ ዓመት በኋላ አጎቴ ሊሞት ነው ተብዬ ከከተማ መጣሁ። ሙቁ ነፋስ የሚነፍስበት ወር ነበር፤ እኩለ ቀን። አልጋውን እኛ ግቢ አስገብተውታል። ጎሽ ከተሸጠ ቆይቷል፤ ወተት በፕላስቲክ ከረጢት ነው የሚመጣው። ካስማው ብቻ ግቢው መካከል ቀርቷል፤ እናቴ አንዳንዴ ስለ መድኃኒቱ ለካስማው ትናገር ነበር። አጎቴ ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመት ስለሆነው እናቴ መሸፈኛዋን ወደኋላ ገፍታ ጓዳው ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። በዚያ ግቢ ውስጥ፣ እሱ ባለበት፣ ፊቷን ገልጣ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

እኔ ንግግር ይዤ ነበር የመጣሁት። ባቡር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሳስተካክለው አድሬያለሁ። ድንጋዩ፣ ወረቀቱ፣ ነጩ ልብስ፣ በጀርባው ያዘለው ወንድሙ፤ ሁሉም በቅደም ተከተል።

«ሱርሳቲ ነሽ?» አለ።

«ነኝ፣ ትልቁ አባባ።»

እጁ በአየር ላይ ፈልጎ እጄን አገኘው። ያ ጉልዛርን የጣለ ክንድ እንደ ደረቅ ሸንኮራ ሆኗል።

«እናትሽን ጠይቂልኝ» አለ። «የጉልዛር ነገር እውነት ነበር ወይ።»

መሬቱን አላነሳም። ረስቶት ይሆናል። አርባ ዓመት ሙሉ ሲበላው የኖረው መሬቱ አልነበረም።

እናቴ አምስት እርምጃ ላይ ናት፤ ጥያቄውን በደንብ ሰምታለች። ቢሆንም ተነስቼ ሄድኩ፤ ጎንበስ አልኩላት። ሥራዬ ተመልሶልኝ ነበር።

«እውነት ነው» አለችኝ በጆሮዬ። «ቅርጫቶቹን የተሸከመው አባትሽ ራሱ ነው።» ከዚያ የሳሪዋን ጫፍ በጣቷ አፍተለተለች። «አንቺ እንደ ድሮሽ አድርጊው» አለች።

ተመልሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ንግግሬ ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

«ፈጥሬ ነው የተናገርኩት ትላለች» አልኩት። መልእክቱ ትንሽ ሆኖ ታየኝና ጨመርኩበት። «ጉልዛር እስኪሞት ድረስ ወገቡን ያመው እንደነበረ ሚስቱ ነግራኛለች ትላለች።»

ፊቱን ወደ ካስማው አዞረ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም አሳለ።

እናቴ የሳሪዋን ጫፍ እስከ አገጯ ጎተተች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳ አዞረች። ከበሩ ውጭ የቆመ ይመስል፣ ሁለታችንም እስኪገባ ጠበቅነው።